ለጥቃቅን የፈሳሽ ጉድጓዶች ማሞቂያ፦ ፊልሙ፣ መስታወቱ ወይስ የመዳብ ሰሌዳው?

ላምፕ በተባለው ዘዴ ዘረመል የሚያባዛ ትንሽ መሣሪያ የሚሠሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ 25 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ ከዳር እስከ ዳር እኩል 65 ዲግሪ ላይ የሚያቆይ ማሞቂያ የቱ ነው? የመዳብ መስመር የተጠማዘዘበት የሰርኪት ሰሌዳ ነው፣ ከላዩ 2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ተደርጎበት። ለዚህ መልስ ገንዘብ ከፍዬበታለሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ብርቱካናማውን የፖሊይሚድ ፊልም ነበር፤ በውስጡ የማሞቂያ መስመር ያለበት፣ ሙቀት የሚችል ስስ ፕላስቲክ ነው። ርካሽ ነው፤ አንዱ ከሁለት ሦስት ዶላር አይበልጥም። «12 ቮልት፣ 10 ዋት» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እንዲህ ከሆነ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 14.4 ኦም መሆን አለበት፤ መልቲሜትሬ ግን 9 ኦም አነበበ። 16 ዋት ማለት ነው። ከጀርባው ያለው ማጣበቂያም ምስር የምታክል አየር ቋጥሮ ነበር። እዚያች ቦታ ላይ ሙቀቱ መውጫ ስላጣ ፊልሙ ጠቆረ፣ መስመሩም ተበጠሰ። ፊልም ደግሞ አይጠገንም፤ ይጣላል። ደህናው ፊልም የዚህን ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ ለተጠማዘዘ ገጽ ካልሆነ አልመክረውም።

ብዙዎች የሚስቱት፣ ኃይሉን እኩል መበተን ሙቀቱን እኩል የሚያደርግ ስለሚመስላቸው ነው። ዳሩ ሙቀቱን ለአየር ይሰጣል፣ መሀሉ ይግላል። ስለዚህ መስመሩ ዳር ዳሩን ጠበብና ጠጋ ጠጋ፣ መሀሉ ላይ ሰፋና ራቅ ራቅ ማለት አለበት። ተሠርቶ የተሸጠ ፊልም ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ራሳችሁ በምትስሉት ሰሌዳ ላይ ግን ይቻላል። የቀረውን ልዩነት አሉሚኒየሙ ያስተካክላል፤ ሙቀትን ከሰሌዳው በብዙ መቶ እጥፍ የተሻለ ያስተላልፋልና።

አሁን ወደ ዋጋው። የቻይና አምራቾች 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አምስት ሰሌዳዎችን ከ2 እስከ 5 ዶላር ይሠራሉ። ማጓጓዣው ከዚያ ይበልጣል፤ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። እኔ 3 በ3 የሆኑ ዘጠኝ ማሞቂያዎችን በአንዱ ሰሌዳ ላይ ደርድሬ አዝዛለሁ፣ ሲመጣም በብረት መጋዝ እቆርጠዋለሁ። ማጓጓዣው ለ45 ማሞቂያ ይካፈላል። አንዱ ሽቦ ቢለቅ መልሳችሁ ትበይዱታላችሁ።

ሌላም ትርፍ አለው። የመዳብ ኦም በየዲግሪው 0.39 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ማሞቂያው ራሱ ቴርሞሜትር ይሆናል፤ ከ25 ወደ 65 ዲግሪ ሲወጣ ጭማሪው 16 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ግን አማካዩን ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ጉድጓዱን በውኃ ሞልታችሁ መሀሉንና ዳሩን በቀጭን ቴርሚስተር (ኦሙ ከሙቀት ጋር በሚለዋወጥ ትንሽ የሙቀት መለኪያ) ለኩ።

ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ (ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክም የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን) የተቀባውን መስታወት በማይክሮስኮፕ አሻግሮ ማየት ግድ ለሆነበት ሰው ብቻ እተወዋለሁ። ተራ ብየዳ አይዘውም፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ብር ያለበት ቀለም ይፈልጋል፤ ቀለሙ ሲላላ መጋጠሚያው ይግላል፣ መስታወቱም ይሰነጠቃል። ከስስ ፕላቲነም የሚሠራው ማሞቂያ ደግሞ ንጹሕ ክፍል (አየሩ ከአቧራ የተጣራ ክፍል) ላለው ቤተ ሙከራ ነው።

ሰሌዳውን ስታዝዙ የመዳቡን ውፍረት እዩ። በ35 ማይክሮ ሜትር፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው 2 ሜትር መስመር 5 ኦም ያህል ይሰጣል፤ ለ5 ቮልት፣ 1 አምፔር ቻርጀር ልክ ነው። 70 ከመጣላችሁ ግን ኦሙ በግማሽ ይወርዳል፣ ያ ቻርጀርም አይችለውም።