ሆድ ውስጥ እብጠት ሲገኝ፦ አልትራሳውንድ ወይስ ሲቲ ስካን?

አክስቴ ከኩታበር ደሴ የመጣችው በቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር የሚዳሰስ እብጠት ይዛ ነበር። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ሲቲ ስካን ትነሳ፣ እሱ ሁሉን ያሳያል" አለ። ሌላው "አልትራሳውንድ ይበቃል፣ ገንዘብ አንጨርስ" አለ። ያኔ የሚነግረን አጥተን የተቸገርንበትን ነው የምጽፍላችሁ።

በአልትራሳውንድ ጀምሩ። በድምፅ ሞገድ ስለሚሠራ ጨረር የለውም፤ ነፍሰ ጡርም ሕፃንም ይነሳዋል። ዋጋውም ከሲቲ ስካን በጣም ይቀንሳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን እብጠቱ ውሃ የቋጠረ ይሁን ጠጣር እዚያው መለየቱ ነው። ውሃ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ጠጣሩ ግራጫ። ለማሕፀን ማዮማ (ካንሰር ላልሆነ የማሕፀን እጢ)፣ ላበጠ ጣፊያ፣ ጉበት ላይ ለቋጠረ መግል ጎበዝ ነው።

ድክመቱ ጋዝ ነው። አክስቴ ቁርሷን በልታ ነበር የተነሳችው፤ ጹሚ ያላት የለም። ውጤቱ "በጋዝ ምክንያት በደንብ አልታየም" የሚል ወረቀት ሆነ። ብሩ ሄደ። ሌላ ቦታ ሌሊቱን ጾማ ሄደች። ባለሙያው ቀዝቃዛውን ጄል ቀብቶ "እማማ፣ ትንፋሽዎን ሳብ አድርገው ይያዙ" እያለ፣ በጎን እያስተኛ ብዙ ደቂቃ ፈለገ። አልትራሳውንድ ላይ ከማሽኑ እኩል እጁ ወሳኝ ነው። ጉበቷ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ በውስጡም ትንንሽ ከረጢቶች ታዩ። ሃይዳቲድ ሲስት ይባላል። የሚያመጣው የኮሶ ዘመድ የሆነ፣ ከውሻ የሚመጣ ትል ነው፤ በግና ውሻ አብረው በሚኖሩበት አገራችን ልናውቀው ይገባል። ይህ እንዲሁ በመርፌ አይወጋም። ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

ሲቲ ስካን የታዘዘላት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከረጢቱ ለደም ሥር ምን ያህል እንደቀረበ ከኦፕሬሽን በፊት ለማየት። ሲቲ ጋዝ አያግደውም። ከጨጓራ ጀርባ የተደበቀውን ቆሽት፣ የካንሰር ስርጭትንም የተሻለ ያሳያል። ዓይን ቢጫ ሆኖ፣ ሰውነት ከስቶ፣ አልትራሳውንድ ምንም ካላገኘ ለሲቲ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው። ግን እንደ ራጅ ጨረር አለው። ምስሉ እንዲጎላ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ይጠየቃል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ አለርጂ ያለባችሁ፣ ሳትጠየቁም ተናገሩ። ካንሰር ከተጠረጠረ ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእብጠቱ ናሙና ይወሰዳል።

ለላይኛው ሆድ አልትራሳውንድ ከመነሳታችሁ በፊት ለ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ጹሙ። ለማሕፀን አካባቢ ውሃ ጠጥታችሁ ሽንት ያዙ። ድንገተኛ ከባድ ቁርጠት፣ ትውከትና ትኩሳት ካለ ግን ዋጋ ማወዳደሩን ትታችሁ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ወረቀት ብቻ ይዛችሁም አትውጡ። የእብጠቱ ልክ በሴንቲሜትር ይጻፍ፣ ምስሉም ይሰጣችሁ። አክስቴ የመጀመሪያውን ውጤት በፌስታል ጠቅልላ ስታቀርብ ሐኪሙ "ምስሉስ?" አላት። አልሰጧትም ነበር።