ባጃጅ ውስጥ የተቀጠለው ፋይበር

ስለ አገልግሎት አስተያየት ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ምግብ ቤት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ በልቶ "ጨው በዝቶበታል" ማለት ማንም አያቅተውም። የኔ ግን ስለ ፋይበር ጥገና ነው፤ ታገሱኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ኔትወርክ እይዛለሁ። ሁለት ግቢ አለን። አንዱ ከሐይቁ አጠገብ ነው፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ በዘንዘልማ መንገድ። ሰርቨሩ ወዲህ፣ የፈተና አዳራሹ ወዲያ። የሚያገናኛቸው ባለ 24 ኮር የፋይበር ኬብል ነው፤ ኮር ማለት ብርሃን የሚሄድበት ቀጭን የመስታወት ክር ነው።

ባለፈው ሰኔ፣ የመውጫ ፈተና ሳምንት ሲቀረው፣ ለተመራቂዎቹ ሞዴል ፈተና እየሰጠን ነበር። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ወዲያኛው ግቢ ድርግም አለ። አልደነገጥኩም፤ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ መስመር አለን። ዞር ብዬ ባክአፑን ሳየው እሱም ቀይ። "ምነው ሸዋ!" አልኩ፣ ጎጃም ቁጭ ብዬ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። የወዲያኛው ግቢ ጥበቃ ናቸው።

"ልጄ፣ እዚህ መንገዱን የሚቆፍረው እስካቫተር ጥቁር ገመድ አንጠልጥሏል። ያንቺ ነው እንዴ?"

"ስንት ገመድ ነው፣ ጋሼ?"

"ሁለት።"

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ዋናውም ባክአፑም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። ከሁለት ሻጭ፣ በሁለት ውል፣ በሁለት ደረሰኝ የገዛናቸው መስመሮች አንድ የእስካቫተር ጥርስ ላይ ተንጠልጥለዋል። ስንገዛ ስለ ፍጥነቱ ጠይቀናል፣ ስለ ዋጋው ተከራክረናል። "ኬብሉ በየት በኩል ያልፋል?" ያለ ግን አልነበረም። እኔም አላልኩም፤ ጥፋቱ የኔም ነው።

ለሁለቱም ሻጮች ደወልኩ። አንዱ "ተመዝግቧል፣ ይጠብቁ" አለኝ። ሌላው ስልክ አላነሳም። ሌላ ግቢ የሚሠራ ወዳጄ ፋይበር የሚቀጥሉ ልጆች ቁጥር ሰጠኝ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ሱቃቸውን ብታዩት ሞባይል ጥገና ይመስላችኋል። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተጠቀለለ ኬብል። ሦስት ናቸው። የሚንቀሳቀሱት በባጃጅ ነው።

በ40 ደቂቃ ደረሱ። እኔ የተበጠሰውን ቦታ እያሳየሁ "ይኸው፣ ቀጥሉልኝ" አልኩ። ከመካከላቸው ቀጠን ያለው ልጅ ቁራጩን አየት አደረገና ተወው።

"እትዬ፣ መጀመሪያ ከሁለቱም ግቢ እንለካ። ማሽኑ ሲስበው ሌላ ቦታም በጥሶት ሊሆን ይችላል።"

የሚለካው ኦቲዲአር በሚሉት መሣሪያ ነው። ፋይበሩ ውስጥ ብርሃን ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣውን እያነበበ ስብራቱ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይናገራል። ከኛ ግቢ ሲለካ ልክ ያየነው ቁራጭ ላይ ቆመ። ከዚያኛው ግቢ ሲለካ ግን ብርሃኑ ቁራጩ ጋ አልደረሰም። 60 ሜትር ገደማ ሲቀረው ቆመ። ልጁ ያለው ሆነ። ላስቲኩ ደህና ነው፣ ውስጡ ያለው መስታወት ተሰብሯል። በዓይን አይታይም።

ቦታውን ማግኘቱም ቀላል አይደለም። በየማንሆሉ የተጠቀለለ ትርፍ ኬብል ስላለ መሣሪያው የሚለው ሜትርና በእግር የምትለኩት መንገድ አይገጥምም። ልጁ ትርፉን በሐሳቡ እየቀነሰ ሄደና አንድ ማንሆል ላይ ቆመ። ሲከፈት እውነትም እዚያው ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ያየሁትን ቀጥዬ፣ ማታ "ለምን አልሠራም?" እያልኩ ፀጉሬን እነጭ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ማንሆል ጀምሮ ከቁራጩ ወዲህ እስካለው ማንሆል ድረስ ያለው ተጥሎ አዲስ ኬብል ገባ። 24 ኮር በሁለት ጫፍ፣ 48 ቅጥያ ማለት ነው።

ከዚያ ዝናብ መጣ። የሰኔ ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚለቀው። መስታወት እርጥበትም አቧራም አይወድም። ልጆቹ የባጃጁን ሸራ ዘጉና የኋላ መቀመጫው ላይ ጣውላ ዘርግተው ሥራ ጀመሩ። ጥበቃው ጃንጥላ ይዘው በር ላይ ቆሙ። እኔ ከፊት፣ ሹፌሩ ቦታ፣ አንገቴን አዙሬ አያለሁ።

ይህን ባለማየቴ እስከዛሬ ስንት ነገር አምልጦኛል። ብርሃኑ የሚሄድበት የፋይበሩ እምብርት ውፍረቱ 9 ማይክሮን ነው። ከነመስታወት ልባሱ 125። አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነው፤ እንግዲህ አስቡት። ልጁ ሽፋኑን ይልጣል፣ በአልኮል ይጠርጋል፣ በክሊቨር ጫፉን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ከሌላኛው ጫፍ ጋር መቀጠያ ማሽኑ ላይ ያጋጥመዋል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ግንድ የሚያካክሉ ጫፎች ይታያሉ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ከዚያ አንድ ግንድ ይሆናሉ። ማሽኑ ቅጥያው ላይ የሚባክነውን ብርሃን ግምት ይጽፋል፦ 0.02፣ 0.01፣ 0.02። አንዱ ላይ 0.11 አለ። እኔ "ትንሽ ናት፣ እለፋት" አልኩ። አላለፋትም። ቆርጦ እንደገና ሠራት።

የየኮሩን ቀለም በቃሉ ነው የሚወጣው። ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ነጭ እያለ እስከ 12 ይወርዳል፤ ልክ እንደ ቆሎ ተማሪ። ኮሮቹ ኬብሉ ውስጥ 12፣ 12 ሆነው በሁለት ቱቦ ነው ያሉት፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ቱቦ፣ እንደገና ከሰማያዊ። አንድ ቀለም ቢያሳስት የፈተና አዳራሹ መስመር ከካሜራው መስመር ጋር ይጋባል።

ደግሞ ብልህ ናቸው። ገና ሳይጀምሩ "ሥራ ላይ ያሉት የትኞቹ ናቸው?" ብለው ጠየቁኝ። አራት ኮር ብቻ ነው የምንጠቀመው። እነሱን በሁለቱም ጫፍ አስቀደሙ። 9 ሰዓት ላይ አዳራሹ ተመለሰ፤ ተማሪዎቹ ፈተናቸውን ቀጠሉ። ቀሪዎቹን 20 ኮሮች ተረጋግተው ሲጨርሱ ከምሽቱ 12 አልፎ ነበር።

ጥበቃው በመሃል ቆሎ አመጡ። ልጁ እጁን ሰበሰበ። "ጋሼ፣ እጄን ሳልታጠብ አልበላም።" ለካ የተቆረጠችው ስንጥር ዓይን አያያትም፤ ከምግብ ጋር ብትገባ ጉድ ነው። ቁራጮቹን አንድ በአንድ በፕላስተር እያነሳ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ይከታል። ከአስተናጋጅ ጋር በእጅ ንጽሕና የምትጨቃጨቁ ሰዎች ይህን ልጅ ብታዩት ትወዱት ነበር።

ዋጋውን አልጽፍም፤ ነገ ሲጨምሩ ከኔ ጋር ትጣላላችሁ። ክፍያው በቅጥያ ቁጥር ነው፣ ኬብሉና ክሎዠሩ (ቅጥያዎቹ የሚታሸጉበት ሣጥን) ለብቻ ይታሰባል። ርካሽ አይደሉም። አንድ የምወቅሳቸው ነገር አለ፦ ደረሰኝ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። የኛ ሒሳብ ክፍል ደግሞ ያለ ደረሰኝ ፀሐይ መውጣቷንም አያምንም። ከዚያ ውጭ ከ5 አምስት።

ለመስመሩ ግን እንዲህ ቸር አልሆንም። ፋይበር ራሱ ወርቅ ነው። እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ጥያቄ ጠይቆ፣ መልሳችንን ሳይሰማ "በጣም ጥሩ" ብሎ የሚያልፍ አስተማሪ ነበረን። ያ ምስል የሚመጣው በሳተላይት ነበር፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከላይ። በዚያ መንገድ ጥያቄ ልኮ መልስ መቀበል ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በመስታወት ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለብርሃኑ ግን ደርሶ መልሱ 5 ወይም 6 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ነው። ስለ ፍጥነቱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ስለ ጉድጓዱ ነው።

የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ የሚባል አለ፣ በአጭሩ ኢተርኔት። ስሙ ከኬብሉ ስም ጋር አንድ ስለሆነ አንዴ ለግዥ ክፍል ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ "ኢተርኔት ባለፈው ዓመት ገዝተን የለም እንዴ?" ይሉኛል። ከአገር ውጭም ኡቡንቱኔት አሊያንስ አለ፣ የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የትምህርት ኔትወርኮች እ.ኤ.አ. በ2005 የመሠረቱት። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ጎንደር ያለ መምህር ለባሕር ዳር ተማሪ የሚልከው ትምህርት ውጭ አገር ዞሮ መምጣት የለበትም። አንዱ ብቻውን የማይችለውን ዋጋ ብዙዎች ሆነው ይደራደሩበታል።

ግን አገርና አገር የሚያገናኘው ኔትወርክ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የመጨረሻዋ ሁለት ኪሎ ሜትር አንድ ቦይ ውስጥ ከሆነች እስካቫተሩ ነው የሚወስነው። መፍትሔው ቀለበት ነው። በአንድ በኩል ሲበጠስ ብርሃኑ በሌላው ይዞራል። ለቀለበት ደግሞ ከጣና የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? በምሥራቅ በወረታና በአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር፣ ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ቅርንጫፍ። በምዕራብ በቁንዝላና በጎርጎራ በኩል መመለስ። ሦስት ዩኒቨርሲቲና በየከተማው ያሉት ኮሌጆች አንድ ቀለበትና ቅርንጫፉ ላይ። ይህን ስብሰባ ላይ ስናገር ሰው ፈገግ ይላል፤ እኔ ቀልዴን አይደለም። ትልቁ ወጪ መስታወቱ አይደለም፣ ቁፋሮው ነው። መንገዱ ለኮሪደር ልማት ተቆፍሮ ሳለ ባዶ ቱቦ አብሮ መቅበር ኋላ እንደገና ከመቆፈር በብዙ ይረክሳል። የተነጠፈው ድንጋይ እስኪለመድ ጠብቆ የሚቆፍር ሰው ግን አይጠፋም።

ለአሁኑ የባክአፑን ውል አፈረስኩ። ዓባይ ላይ አንድ ጥንድ የሬዲዮ አንቴና ተከልን፣ ከጣሪያ ጣሪያ። ፍጥነቱ እንደ ፋይበሩ አይደለም፤ ለፈተና ግን ይበቃል።

ጎን ለጎን በሌላ አቅጣጫ የሚሄድ መስመር ከሚሸጥ አዲስ ድርጅት ጋር እየተነጋገርኩ ነው። ዋጋ ከማንሳቴ በፊት "የኬብሉን መንገድ በካርታ ላኩልኝ" አልኳቸው። ሳምንት ቆይተው በቴሌግራም ላኩ። ወዲህኛው ሰፈር ላይ እውነትም መንገዱ ሌላ ነው፣ ደስ አለኝ። ጣቴን አስከትዬ ወደ ወንዙ ሄድኩ። በ2016 ግንቦት የተመረቀው ባለ 380 ሜትሩ አዲሱ ድልድይ አለ፣ አጠገቡ አሮጌው። ነባሩ መስመራችንና አዲሱ እዚያ ይገናኛሉ፣ አንድ ማንሆል ውስጥ።

ነገ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ።