የቻይና ባንክ አለቆችን ጉዞ በነፃ የሚያሳይ ድረ ገጽ፦ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ

ከቻይና ባንኮች ጋር ስብሰባ ሲኖረን «የሚመጡት ሰዎች እነማን ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድ ገጽ ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ነው። አንድ ገጽ ብቻ። አለቆቼ ከዚያ በላይ አያነቡም። ለዚሁ ሥራ መሥሪያ ቤታችን በውድ ዋጋ የደንበኝነት ክፍያ የሚከፍልበት የመረጃ ቋት ነበረው። ስሙን አልጠራም። ከወንበሩ ከተነሳ ወራት ያለፉትን ፕሬዚዳንት አሁንም «በሥራ ላይ» ይለው ነበር። በዚህ ተናድጄ ፊቴን ወደ ነፃው አዞርኩ። ነፃው የሆንግ ኮንግ አክሲዮን ገበያ የኩባንያዎችን ማስታወቂያ የሚያወጣበት ኤችኬኢኤክስ ኒውስ የሚባል ድረ ገጽ ነው።

የቻይና ትልልቅ ባንኮች እዚያ ምን ይሠራሉ? አክሲዮን ሸጠዋል። ኮንስትራክሽን ባንክ በጥቅምት 2005፣ ባንክ ኦፍ ቻይና በሰኔ 2006፣ አይሲቢሲ (የኢንዱስትሪና ንግድ ባንኩ) በጥቅምት 2006፣ የግብርና ባንኩ ደግሞ በሐምሌ 2010 ሆንግ ኮንግ ገቡ። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንዴ ከገቡ በኋላ ደንቡ አይለቃቸውም። አዲስ ዳይሬክተር ሲሾም ዕድሜውን፣ የቀድሞ ሥራዎቹን፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት በሌሎች የአክሲዮን ገበያ ኩባንያዎች ዳይሬክተር ሆኖ እንደሆነ፣ ስንት አክሲዮን እንዳለው፣ ቅጣት ደርሶበት እንደሆነ መናገር ግዴታ ነው። ቤጂንግ ውስጥ ዝም ቢባል ደስ የሚለው ብዙ ነገር በዚህ መንገድ አደባባይ ይወጣል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም። የባንኩን የአክሲዮን ቁጥር ታስገባላችሁ፦ አይሲቢሲ 1398፣ ኮንስትራክሽን ባንክ 939፣ ባንክ ኦፍ ቻይና 3988፣ የግብርና ባንክ 1288። ከዚያ ከማስታወቂያ ዓይነቶች መካከል የዳይሬክተሮች ለውጥ የሚለውን ትመርጣላችሁ። ይህቺን ማጣሪያ ካላወቃችሁ በወለድ ክፍያና በቦንድ ማስታወቂያ ውስጥ ስትዋኙ ትውላላችሁ። ሰነዱ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ይመጣል። ማኅደሩ እስከ 1999 ወደኋላ ይሄዳል።

የሥራ ታሪኩ በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው የሹመት ማስታወቂያው ነው፤ አጭርና ጥርት ያለ። ሁለተኛው በዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ ስለ ዳይሬክተሮችና ስለ ከፍተኛ ኃላፊዎች የሚያወራው ክፍል ነው። የእኔ ምርጫ ይህኛው ነው፤ ሁሉም ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ማወዳደር ይቻላል። እንደ ልብ ወለድ የሚነበብ እንዳይመስላችሁ። «በዚህ ዓመት ገባ፣ ከዚያ የዚህ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆነ፣ ከዚያ የዚያ» እያለ የሚሄድ ደረቅ ነገር ነው። ግን ደረቁን ስታኝኩት ይጣፍጣል።

የአይሲቢሲውን ሊቀመንበር ሊያው ሊንን እንውሰድ። በ1989 ሥራ የጀመረው አይሲቢሲ ሳይሆን ኮንስትራክሽን ባንክ ነው። ጓንግሺ ላይ ምክትል የቅርንጫፍ ኃላፊ ነበር። ቀጥሎ የኒንግሺያ፣ የሁቤይ፣ በመጨረሻም የቤጂንግ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆነ። ካርታ ላይ ብታስቀምጡት ከደቡብ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከዚያ ወደ መሃል፣ ከዚያ ወደ ዋና ከተማ ነው። ኒንግሺያ ትንሽና ሩቅ ናት። ሰውየውን እዚያ የላኩት ሊቀጡት አይደለም። ሊያዩት ነው። ትንሽ ቦታ ላይ ብቻውን አለቃ ሆኖ ምን እንደሚያደርግ ይታይና ትልቅ ግዛት ይሰጠዋል። ኮንስትራክሽን ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የአደጋ ሥጋት ዋና ኃላፊ ከሆነ በኋላ በ2019 ወደ አይሲቢሲ ተሻገረ። በ2021 ፕሬዚዳንት፣ በ2024 ሊቀመንበር። ሠላሳ ዓመት ገደማ ተፎካካሪ ቤት የሠራ ሰው ነው እንግዲህ የቀድሞ ተፎካካሪውን የሚመራው።

«ተፎካካሪ» ስል ራሴን ትንሽ እጠራጠራለሁ። እነዚህ ሪፖርቶች ደጋግመው የሚያሳዩት አንድ ነገር ቢኖር ባንኮቹ ለአለቆቻቸው የአንድ ቤት ክፍሎች መሆናቸው ነው። የትልልቆቹን ባንኮች ሊቀመንበርና ፕሬዚዳንት የሚመርጠው የኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ የድርጅት መምሪያ ነው። ሰዎቹ ማዕረጋቸው የምክትል ሚኒስትር ነው። ቦርዱ ድምፅ ይሰጣል፣ ጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ይሰጣል፣ ተቆጣጣሪው ብቃታቸውን ያጸድቃል፤ ስሙ ግን ቀድሞ ነው የመጣው። ይህንን ድረ ገጹ ላይ አታገኙትም። ማስታወቂያው የሚጀምረው «ቦርዱ ተሰብስቦ መረጠ» ከሚለው ነው።

ትልቁ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የሰነድ ፍለጋው የሚሠራው በኩባንያ እንጂ በሰው አይደለም። ሰውየው ከባንክ ባንክ በዘለለ ቁጥር እናንተም አብራችሁ መዝለል ነው። ቸን ስቺንግ በ1990 ባንክ ኦፍ ቻይና ገባ፤ ሁናን፣ ፉጂያን፣ ሲችዋን፣ ጓንግዶንግ እያለ ወጥቶ በ2014 ፕሬዚዳንት፣ በ2017 ሊቀመንበር ሆነ። እስከዚህ 3988 ይበቃችኋል። በ2019 የአይሲቢሲ ሊቀመንበር ሲሆን 1398ን ክፈቱ። ቲያን ጉዎሊ ደግሞ ይብሳል። ኮንስትራክሽን ባንክ አደገ፣ የተበላሹ ብድሮችን የሚሰበስበውን ሲንዳን መራ፣ ሲቲክ የሚባለው የመንግሥት የፋይናንስ ቡድን ውስጥ ሠራ፣ ባንክ ኦፍ ቻይናን ከ2013 እስከ 2017 መራ፣ ከዚያ ወደ ኮንስትራክሽን ባንክ በሊቀመንበርነት ተመለሰ። ለአንድ ሰው ስንት መስኮት ከፍቼ እንደነበር ኮምፒውተሬ ያውቃል።

ሰውየው ከባንክ ዓለም ጨርሶ ሲወጣ ደግሞ ድረ ገጹ ዓይኑን ይጨፍናል። ጌ ሃይጂያው የግብርና ባንክን የሲንጋፖር ቅርንጫፍ መርቷል፤ የኤቨርብራይት ባንክ ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ ከዚያ የሄቤይ ግዛት ምክትል አስተዳዳሪ ሆነ። በ2023 የባንክ ኦፍ ቻይና ሊቀመንበር ሆኖ ሲመለስ የግዛት ሥራው በታሪኩ ውስጥ አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር! የመንግሥት ሹመቱ እንደ እረፍት ጊዜ ነው የተጻፈው። እኔ ግን ያቺን መስመር በአንዷ ገጼ ላይ ከሁሉ በላይ ነው የማስቀምጣት። ከግዛት አስተዳደር ያለፈ የባንክ አለቃ ስብሰባ ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ ራሱ ይለያል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄዱትም አሉ። ከ2000 እስከ 2024 መጀመሪያ የቻይናን የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ተከታትለው የመሩት ስድስት ሰዎች በሙሉ የመጡት ከአራቱ ባንኮች የአለቃ ወንበር ነው፦ ዡ ሺያኦቹዋን ከኮንስትራክሽን ባንክ፣ ሻንግ ፉሊን ከግብርና ባንክ፣ ጉዎ ሹቺንግ እንደገና ከኮንስትራክሽን፣ ሺያኦ ጋንግ ከባንክ ኦፍ ቻይና፣ ሊዩ ሺዩ ከግብርና ባንክ፣ ዪ ሁይማን ከአይሲቢሲ። ስድስት ለስድስት። ተከታታይነቱ የተሰበረው በየካቲት 2024 ዉ ቺንግ ሲሾም ነው፤ እሱ ከሻንጋይ የፓርቲ አመራር ነው የመጣው። ዪ ሁይማን በ1985 አይሲቢሲ ገብቶ ከዤጂያንግ ተነስቶ ጂያንግሱንና ቤጂንግን ያዳረሰ፣ እስከ ሊቀመንበርነት አንድ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ነበር። ብርቅ ነው ይሄ። በመስከረም 2025 ምርመራ ላይ መሆኑ ተነገረ።

ከምርመራ ጋር በተያያዘ የስንብት ማስታወቂያዎቹን አንብቡ። አብዛኞቹ በአንድ ቅርጽ የተጻፉ ናቸው። አቶ እከሌ «በሥራ ለውጥ ምክንያት» ወይም «በዕድሜ ምክንያት» ለቀቁ። ከቦርዱ ጋር የሐሳብ ልዩነት የላቸውም። ለባለአክሲዮኖች መገለጽ ያለበት ሌላ ጉዳይ የለም። ቦርዱ ላደረጉት አስተዋጽኦ ያመሰግናል። አበቃ። የባንክ ኦፍ ቻይናው ሊዩ ሊያንጌ በመጋቢት 2023 በሥራ ለውጥ ለቀቀ ተባለ። ወሩ ሳያልቅ የፓርቲው የዲሲፕሊን ኮሚሽን እየመረመረው መሆኑን አስታወቀ። በኅዳር 2024 ፍርድ ቤት 121 ሚሊዮን ዩዋን ጉቦ ተቀብሏል ብሎ ለሁለት ዓመት የሚታገድ የሞት ቅጣት ፈረደበት። ስለዚህ የእኔ ዘዴ እንዲህ ነው፦ «በዕድሜ ምክንያት» ሲል ዕድሜውን አየዋለሁ። ስድሳ ከሞላው ወይም ካለፈው ብዙም አልጨነቅም። «በሥራ ለውጥ» ሲልና አዲሱ ሥራ የት እንደሆነ ሳይወራ ሲቀር ስሙን አከብበዋለሁ።

የደመወዝ ሰንጠረዡ ለብቻው አንድ ኮከብ ይገባዋል። የትልቁ መንግሥታዊ ባንክ ሊቀመንበር የዓመት ክፍያ ከ1 ሚሊዮን ዩዋን በታች ሆኖ ታገኙታላችሁ። በሀብት መጠን ከዓለም አንደኛ ስለሆነው ባንክ፣ ስለ አይሲቢሲ፣ ጭምር ነው የማወራው። የአሜሪካው ባንክ የጄፒ ሞርጋን አለቃ ጄሚ ዳይመን ለ2024 የተሰጠው 39 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከጥር 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የደመወዝ ማስተካከያ የመንግሥት ኩባንያ አለቆችን ክፍያ ክፉኛ ቆርጦታል። ከሰንጠረዡ በታች ያለችውን ትንሽ ማስታወሻም አትዝለሉ፤ የአለቆቹ የዓመቱ የመጨረሻ ክፍያ ገና እንዳልተወሰነና በኋላ እንደሚገለጽ ትናገራለች። የመንግሥት ሠራተኛ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

መጀመሪያ ሳየው የገረመኝ ሌላው ክፍል የባንኩ ሠራተኛ ያልሆኑት የቦርድ አባላት ናቸው። ብዙዎቹ ከሴንትራል ሁይጂን ወይም ከገንዘብ ሚኒስቴር የተላኩ ናቸው። ሁይጂን በታኅሣሥ 2003 የተቋቋመ የመንግሥት ድርጅት ነው። ወዲያው 45 ቢሊዮን ዶላር ለባንክ ኦፍ ቻይናና ለኮንስትራክሽን ባንክ አስገብቶ ለአክሲዮን ሽያጭ አዘጋጅቷቸዋል። አይሲቢሲ ውስጥ ሁይጂንና ገንዘብ ሚኒስቴር እያንዳንዳቸው ሲሶ ገደማ ይዘዋል። ወኪሎቻቸው በስብሰባ ላይ ብዙም አይናገሩም፤ የሥራ ታሪካቸው ግን በጀት፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ግብር ነው። ገጼ ላይ ቦታ ካለኝ አንድ ሁለቱን እጨምራለሁ። ከሌለኝ ይቀራሉ።

ቴክኒኩን በተመለከተ፦ ዓመታዊ ሪፖርቶቹ ከባድ ፒዲኤፍ ናቸው፤ ከ300 ገጽ የሚያልፉ አሉ። በስልክ መክፈት ሞት ነው። ኮምፒውተር ላይ አውርዳችሁ በፋይሉ ውስጥ ስሙን ፈልጉት። የቀን መምረጫው ያናድዳል፣ በተለይ ሃያ ዓመት ወደኋላ መሄድ ስትፈልጉ። ዳይሬክተር ያልሆኑ ምክትል ፕሬዚዳንቶች ላይ ደግሞ የሹመት ማስታወቂያው ስስ ነው፤ ደንቡ ያን ያህል ስለማያስገድድ። እነሱን በዓመታዊ ሪፖርቱ ነው የምትይዟቸው። ምክትሎቹን ችላ እንዳትሉ ግን። ሊ ዩንዜ የአይሲቢሲ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፤ የሲችዋን ምክትል አስተዳዳሪ ሆኖ ሄደ፤ በ2023 የሁሉም ባንኮች ተቆጣጣሪ ሆኖ ብቅ አለ። የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ፓን ጎንግሸንግም የግብርና ባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር።

አምስተኛውን ኮከብ የከለከልኩት በሰው ስም ሰነድ መፈለግ ስለማይቻል ነው። ያ ቢስተካከል የተቀረውን ሁሉ እችለው ነበር። ለጋዜጠኛ፣ ከቻይና ባንክ ብድር ለሚደራደር፣ ለንግድ ትምህርት ተማሪ በደንብ ይሆናል። የሰዎቹን ጠባይ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ ለማወቅ ለሚፈልግ አይሆንም። ለመጀመር የምትፈልጉ በአይሲቢሲ የ2024 ዓመታዊ ሪፖርት ጀምሩ። ሊያው ሊንን ፈልጉ፣ ቅርንጫፎቹን በተራ ጻፉ፣ ከዚያ ከባንክ ኦፍ ኮሙኒኬሽንስ የመጣውን ፕሬዚዳንቱን ሊዩ ጁንን ከጎኑ አስቀምጡ።