ከነባር ሪል ስቴቶች ሲገዛ፦ የተኖረበት ቤት ወይስ ገና የሚሠራ አፓርታማ?

ወዳጆቼ ደጋግመው «ከነባሮቹ የሪል ስቴት ድርጅቶች አያት ይሻላል ወይስ ሰንሻይን?» ይሉኛል። እኔ ግን ከድርጅቱ ስም በፊት የሚሸጠው ምን እንደሆነ መታየት አለበት እላለሁ፤ ነባር ድርጅት ከዓመታት በፊት ባስረከበው መንደር የተኖረበትን ቤት ከባለቤቱ መግዛትና ያው ድርጅት መሠረቱን ገና ለሚቆፍርለት ሕንፃ ቅድሚያ መክፈል በጣም የተለያዩ ግዢዎች ናቸው። ምርጫዬ የተኖረበት ቤት ነው።

ዋነኛው ምክንያቴ ዋጋ ነው። በአዲስ አፓርታማ ውል ላይ የሚጻፈው ካሬ ሜትር አብዛኛውን ጊዜ የደረጃውን፣ የኮሪደሩንና የሊፍቱን ድርሻ ይጨምራል። ለምሳሌ 120 ካሬ በ100,000 ብር ሒሳብ 12 ሚሊዮን ብር ነው፤ የጋራው ድርሻ 20 በመቶ ከሆነ ግን ከበሩ ወዲያ የሚገኘው 96 ካሬ ብቻ ስለሆነ፣ የአንዱ ካሬ እውነተኛ ዋጋ 125,000 ብር ይሆናል። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ለብቻው የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ 143,750 ብር ይደርሳል። ክፍያው በዶላር ምንዛሪ የታሰረ ውል ከዚህም ይከፋል፤ ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 ብር አልፏል።

የተኖረበት ቤትም የራሱ ወጪ አለው። ሻጩ ከሽያጩ በሚያገኘው ትርፍ ላይ ሊከፍለው የሚገባ 15 በመቶ የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር ካለ በድርድር ወደ ገዢው ሊገፋ ይችላል፣ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥም አለ፣ ያረጀ የብረት ቧንቧ መቀየርም ሊያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ከመፈራረም በፊት ይታወቃል። አንድ ዘመዴ ስሙ ከታወቀ ድርጅት በተረከበው አዲስ ቤት የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ ወደ ታችኛው ጎረቤት ጣራ ሲወርድ፣ የዋስትናው ጊዜ አልፏል ተብሎ ሴራሚኩን አስነቅሎ በራሱ ገንዘብ አሠርቷል። በተኖረበት ቤት እንዲህ ያለው ስንጥቅና እርጥበት አስቀድሞ ይወጣል፤ የጥበቃው፣ የውኃ ፓምፑና የጀነሬተሩ ወርሃዊ መዋጮም ከነዋሪዎች ተጠይቆ ይታወቃል።

አክሰስ ሪል ስቴት ከብዙ ሰዎች ቅድሚያ ክፍያ ሰብስቦ ቤታቸውን ሳያስረክብ መቅረቱን የሚያስታውስ ሰው ሥጋቴን ይረዳዋል። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማሟላት የማይችልና በየደረጃው መክፈል የግድ የሆነበት ገዢ አዲሱን ይምረጥ፤ ሆኖም የመሬቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነና የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ከመሬት አስተዳደር ያጣራ፣ የመዘግየት ቅጣቱም በውሉ ላይ በቁጥር ይስፈር።