ለ«እውነተኛ የሬኔሳንስ ምትሃት» ተጨማሪ ትኬት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ የምትኖሩና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሬኔሳንስ ፌር (የ16ኛውን ክፍለ ዘመን አካባቢ የአውሮፓ ሕይወት በልብስና በትርኢት አስመስሎ ወደሚያቀርብ የመዝናኛ ገበያ) ለመሄድ የምታስቡ ወገኖች፣ «በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደነበረው፣ ያለ አንዳች ለውጥ የሚቀርብ ታሪካዊ የምትሃት ትርኢት» እየተባለ ከመግቢያው ዋጋ ሌላ ለብቻው የሚሸጠውን ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጽሁፍ እንድታነቡ እጠይቃለሁ። ባለፈው መኸር ከቤተሰቤ ጋር በሄድኩበት ፌር ለዚሁ ትኬት በነፍስ ወከፍ 35 ዶላር ከፍለናል፤ ተጨማሪውን ገንዘብ የከፈልንበት ታሪክ ግን መድረኩ ላይ አልነበረም።

እነዚህ ፌሮች እ.ኤ.አ. በ1963 በሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ ፊሊስ ፓተርሰን በምትባል መምህርትና በባለቤቷ በሮን ፓተርሰን አማካይነት የተጀመሩ ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ ስቴቶች በየዓመቱ ይካሄዳሉ። በአብዛኞቹ ዘንድ የተለመደው አሠራር የመድረክ ትርኢቶች በመግቢያው ዋጋ ውስጥ ተጠቃለው እንዲታዩ፣ ተመልካቹም ትርኢቱ ሲያልቅ ደስ ካለው በሚዞረው ባርኔጣ ውስጥ የአቅሙን እንዲጥል ነው። ስለዚህ ለአንድ ትርኢት ለብቻው ትኬት ሲቆረጥ ገዢው ከሌሎቹ መድረኮች የማያገኘውን ነገር ማግኘት ይኖርበታል። በእኛ ትኬት ላይ ያ ነገር ታሪካዊ እውነተኛነት እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል።

ጥቁር የቬልቬት ካባ የለበሰው ምትሃተኛ ትርኢቱን የከፈተው፣ የምናያቸው ነገሮች በሙሉ በንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን በእንግሊዝ ገበያዎች ይታዩ የነበሩ መሆናቸውን በመናገር ነበር። ወዲያው ከቆዳ ከረጢቱ የመጫወቻ ካርታ አወጣ። ካርታ በአውሮፓ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የታወቀ በመሆኑ በዚያ ዘመን በካርታ የሚሠራ ምትሃት መኖሩ አያጠራጥርም። ነገር ግን የዚያ ዘመን ካርታ ማዕዘኑ ላይ ቁጥርና ፊደል አልነበረውም፤ ንጉሡም ከራስ እስከ እግሩ ቆሞ ይሳል ነበር እንጂ እንደዛሬው ላይና ታች ባለ ሁለት ራስ አልነበረም። የተመረጠችው ካርታ በፊት ረድፍ ተቀምጣ ለነበረችው ልጄ ሲዘረጋላት ደግሞ በአሜሪካ በ1860ዎቹ የተፈጠረው ጆከር ነበር። ልጄ ይህን ካርታ ቤታችን ስለምታውቀው «ይሄ የእኛ ካርታ ነው» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ በኋላ የቀረቡትም ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም። በእጁ ላይ ቦግ ብሎ አመድ ሳይተው የሚጠፋው ወረቀት፣ በጥጥና በአሲድ የሚዘጋጀው ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ኬሚካል የሚሠራው ሥራ ሲሆን፣ ይህንንም ክርስቲያን ሾንባይን የተባለ ኬሚስት የደረሰበት በ1846 ነው። የትርኢቱ ማሳረጊያ ሆኖ የቀረበው፣ ሴትን ሳጥን ውስጥ አስተኝቶ በመጋዝ ለሁለት መክፈል፣ ፒ. ቲ. ሴልቢት በተባለ እንግሊዛዊ ምትሃተኛ በለንደን ቲያትር ለሕዝብ የታየው በጥር 1921 ነው። ይህም ማለት ንግሥቲቱ ከሞተች ከ300 ዓመታት በኋላ ነው።

በተለይ ወላጆች ልታውቁት የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ትኬቱ «የሬኔሳንስ ምስጢራት ድንኳን» የሚባል ክፍልንም ይጨምራል፤ ውስጡ ስንገባ ያገኘነው በታሮት ካርታ ዕድል የምትናገር ሴት ነበረች። ጥንቆላን በእምነታችን የማንቀበል ብዙዎች ስለሆንን ይህ ከሽያጩ በፊት ሊነገረን ይገባ ነበር። ታሪኩም ቢሆን የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የተጀመረው እንደ ማንኛውም የካርታ ጨዋታ ሲሆን፣ ለጥንቆላ መዋሉ የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉት ሥዕሎች ደግሞ በ1909 ለንደን ላይ የታተመው ካርታ ሥዕሎች ነበሩ።

እጅግ ያሳዘነኝ እውነተኛው ነገር በእጅ የሚገኝ ሆኖ ሳለ አለመቅረቡ ነው። ሬጂናልድ ስኮት የተባለ የእንግሊዝ አገር የኬንት ሰው በ1584 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጠንቋይ ናችሁ ተብለው የሚከሰሱ ምስኪኖችን ለመከላከል ሲል፣ የዘመኑ ምትሃተኞች የሚያሳዩት ሁሉ የእጅ ቅልጥፍናና የመሣሪያ ብልሃት መሆኑን አንድ በአንድ ገልጧል። በኩባያና በትንንሽ ኳሶች የሚሠራው፣ ሳንቲም የሚሰወርበት፣ ገመድ ተቆርጦ የሚቀጠልበት፣ መካከሉ በተጎረደ ቢላዋ ክንድ የተቆረጠ የሚመስልበት፣ ሁሉም በዚያ አሉ። የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ መቆረጥ እየተባለ ይታይ የነበረውም አለ፤ በተቀደደ ጠረጴዛና በትልቅ ሳህን አማካይነት በአንድ ወገን ራስ የሌለው አካል፣ በሌላው ወገን ደግሞ በሳህን ላይ የተቀመጠ ራስ እንዲታይ ይደረግ ነበር። ሆዱን በወስፌ የሚወጋ መስሎ የሚያሳይ አንድ ምትሃተኛ፣ ሰክሮ ከልብሱ ሥር የሚያደርገውን መከላከያ ሳህን በመርሳቱ፣ በለንደን ቺፕሳይድ በሚገኝ መጠጥ ቤት ራሱን ወግቶ መሞቱንም ጽፏል። ትልቅ ቲያትር የሚያስፈልገው ነገር የለበትም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ኩባያና ብዙ ልምምድ ይበቃዋል። ይህን በሚገባ አጥንተው የሚያቀርቡ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ።

ስለ መዝናኛው ቅሬታ የለኝም። ስኮት ራሱ እንዲህ ያለው ምትሃት ለደስታ እስከቀረበ፣ ባልንጀራን እስካልጎዳና የእግዚአብሔርን ስም ለማታለያ እስካላዋለ ድረስ ነውር የለውም ብሏል። በእንግሊዝ የ1572 ሕግ ፈቃድ የሌላቸውን ተዘዋዋሪ ምትሃተኞች ከወሮበሎች ጋር ፈርጆ በጅራፍ ያስቀጣ እንደነበር ሳስብ፣ በዚያው ፌር በነጻው መድረክ ላይ በዘመናዊ ካርታ ሲያስቀን የነበረው ወጣት በባርኔጣው ውስጥ የገባለት እያንዳንዱ ዶላር ይገባዋል እላለሁ። እርሱ ታሪክ አሳያችኋለሁ አላለንም። ታሪክን በዋጋ የሸጠ ግን ታሪክን የማስረከብ ግዴታ አለበት።

ለመግዛት ካሰባችሁ የትኞቹ ትርኢቶች እንደሚቀርቡና ከየትኛው ምንጭ እንደተወሰዱ በኢሜይል ጠይቁ። በእውነት ያጠና ሰው ስኮትን ወይም በ1634 የታተመውን የመጀመሪያውን ባለ ሥዕል የእንግሊዝኛ የምትሃት መመሪያ ሳያመነታ ይጠቅስላችኋል፤ «ጥንታዊ ምስጢር ነው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ግን ተዉት። ድንኳን፣ ጥንቆላ ወይም ሌላ ተጨማሪ ነገር በትኬቱ ውስጥ መኖሩንም ለይታችሁ አረጋግጡ።

የፌሩ ቢሮ ለእኛ የሰጠው ምላሽ ትኬቱ ላይ «ገንዘብ አይመለስም» ተብሎ መጻፉን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው የቀረበለት አገልግሎት ከተስማማበት የተለየ ከሆነ፣ ክፍያው ያለበት የመጀመሪያ ቢል ከተላከለት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለባንኩ በጽሁፍ ክርክር የማቅረብ መብት በፌዴራል ሕግ ተሰጥቶታል፤ በዴቢት ካርድ ወይም በጥሬ ገንዘብ ለከፈለ ግን ይህ ጥበቃ የለም። ስለዚህ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ ማስታወቂያውን ከድረ ገጹ ሳይነሳ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ደረሰኙን አትጣሉ፤ እንደኛው የደረሰባችሁ ካላችሁም ከባንኩ ክርክር ጎን ለጎን ለስቴታችሁ አቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ አስገቡ፤ ቅጹ በኦንላይን ይሞላል፣ ክፍያም የለውም።