ኤርትራና ሶማሊያ፦ ከእንግሊዝ ጦር እጅ የወጡባቸው ሁለት መንገዶች

ሁለቱም የጣሊያን ቅኝ ነበሩ፣ ሁለቱንም እንግሊዝ በ1941 ያዛቸው (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ነው)፣ ከዛ በኋላ ግን መንገዳቸው ለየቅል ሆነ።

ኤርትራን ተመድ በ1950 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ትሁን አለ፣ ቦሊቪያዊው ኮሚሽነር ማቲየንሶ መጥቶ ህገ መንግስት ተረቀቀ፣ 68 ሰው ያለው ምክር ቤት ተመረጠ፣ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም። አስመራና ምጽዋ ህዝቡ በቀጥታ መረጠ፣ ሌላው ቦታ ግን መጀመሪያ ወኪል ተመርጦ ወኪሎቹ ናቸው የመረጡት። የያኔ ባንዲራዋ ራሱ የተመድን ነው ይመስል የነበረው፣ ሰማያዊ መደብ ላይ የወይራ ቅጠል። በወረቀት እኮ በጣም ቆንጆ ነበር! ግን በሴፕቴምበር 1952 እንግሊዝም ኮሚሽነሩም ጥለው ሄዱ፣ ከንጉሱ መንግስት ጋር ክርክር ሲነሳ እዛው ሆኖ የሚዳኝ ማንም አልነበረም፣ ባንዲራው በ1958 ተሻረ፣ በ1962 ፌዴሬሽኑም ፈረሰ፣ የነጻነት ጦርነቱ ከዛ በፊት በ1961 ተጀምሮ ነበር።

ሶማሊያ ደግሞ በ1950 ተመልሳ ለዛው ለጣሊያን ተሰጠች፣ ይሄ በጣም ያማል። ግን 10 አመት ብቻ ተባለ፣ የግብጽ፣ የኮሎምቢያና የፊሊፒንስ ተወካዮች ሞቃዲሾ ተቀምጠው ይከታተላሉ፣ ህዝቡም አቤቱታውን ለተመድ ይጽፋል። በ1956 አብዱላሂ ኢሳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ ጁላይ 1 1960 ነጻነት።

ለኔ የሶማሊያው ይሻላል፣ ጣሊያንን ስለምወድ አይደለም፣ የመውጫው ቀን አስቀድሞ ስለተቆረጠና ተመልካች እዛው ስለነበረ ነው። ለኤርትራም ቢያንስ አንድ ታዛቢ አስመራ ላይ ቢቀመጥላት ኖሮ እላለሁ ሁሌ።