ለፋሲካ ዛንዚባር ለመሄድ ያሰባችሁ የወሎ ወገኖች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን እኔና ባለቤቴ «የኮራልና የዝናብ ደን ሽርሽር» የሚል ስም የተሰጠውን ወደ ታንዛኒያዋ ደሴት ወደ ዛንዚባር የሚወስድ የሰባት ቀን ጉዞ ከአንድ የጉዞ ወኪል ገዝተን፣ ሄደን ተመልሰናል። ይኸው ጉዞ ለ2018 ፋሲካም በደሴና በኮምቦልቻ እየተሸጠ መሆኑን ስለተመለከትሁ፣ ቀብድ ለመክፈል ያሰቡ ሰዎች የገጠመንን አስቀድመው እንዲያውቁት ይህን ጽፌያለሁ። የወኪሉን ስም አልጠቅስም። አቤቱታችን ገና እልባት አላገኘም፤ ደግሞም ስሙን ቀይሮ ነገ ሌላ ቢሮ መክፈት ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቀላል ስለሆነ፣ ከስሙ ይልቅ የአሻሻጡን መንገድ ማወቁ የሚበጅ ይመስለኛል።

ለሁለታችን የከፈልነው 240,000 ብር ከእቁብ የደረሰን ገንዘብ ነበር። ባሕር የማየት ምኞቴ የቆየ ነው። አባቴ በባቲና በሚሌ በኩል አሰብ ይመላለሱ የነበሩ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበሩ፣ ከውሃው ሥር ስላዩት ኮራል ስለሚባለው ባለ ብዙ ቀለም ድንጋይ መሳይ ነገርና በመሃሉ ስለሚርመሰመሰው ዓሣ ሲያወሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ይህን ለወኪሉ ሳጫውተው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «አብሽሩ ጋሼ፣ እኛ የምንወስድዎት ሆቴል ኮራሉ ከክፍልዎ ደጃፍ ላይ ነው» አለኝ። ደጃፍ ላይ መሆኑስ እውነት ነበር፤ በምን ዓይነት ሁኔታ እንደነበር ግን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ ጎልቶ የታተመው ፎቶ በሰማያዊ ውሃ መሃል የተቀመጠ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ኮራል ነው። ከተመለስን በኋላ የእህቴ ልጅ በስልኳ ፈልጋ እንዳሳየችኝ፣ ያ ኮራል የሚገኘው ታላቁ ባሪየር ሪፍ በተባለው የአውስትራሊያ የኮራል ሰንሰለት ውስጥ ሲሆን፣ እዚያም ቢሆን ጎብኚ የሚያየው ከአየር ላይ ነው እንጂ ወርዶ መዋኘት አይፈቀድለትም። ከጎኑ ያለው የጥቅጥቅ ደን ፎቶም ከዚያው አገር፣ ከኩዊንስላንዱ የዴንትሪ ደን የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። ታላቁ ባሪየር ሪፍ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ዴንትሪን የሚያቅፈው የሐሩር ደን ደግሞ በ1988 ተመዝግቧል። እዚያ ደኑ እስከ ባሕሩ አሸዋ ድረስ ስለሚወርድ ኮራልንና የዝናብ ደንን በአንድ ስም መጥራት የተገባ ነው። ወኪላችን ስሙንም ፎቶውንም ከዚያ ወስዶ፣ የሸጠልን ግን በሌላ ውቅያኖስ ላይ ያለ ደሴት ነው።

ዛንዚባርን አላማም፤ በራሷ ፎቶ ብትሸጥ ማንንም የማታሳፍር ደሴት ናት። ነገር ግን «ሙሉ ቀን በዝናብ ደን ውስጥ» የተባለልን የጆዛኒ ደን ጉብኝት አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ጆዛኒ ከአጎራባቹ የቿካ ሰላጤ ጋር 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ ደኑ ልምላሜውን የሚያገኘው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ከሆነው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ያየነው ቀይ ጉሬዛ፣ በአገራችን የምናውቀው የጥቁርና ነጩ ጉሬዛ ዘመድ፣ በተፈጥሮ ከዛንዚባር በቀር በየትም የማይገኝ በመሆኑ ለእኔ የጉዞው ምርጥ ክፍል እሱ ነበር። ኮራልና እውነተኛ የተራራ የዝናብ ደን በአንድ ጉዞ የሚፈልግ ሰው ግን፣ ከዛንዚባር ይልቅ በታንዛኒያ ዋና ምድር ወደ ታንጋ ከተማና ከእሷ በላይ ወዳለው የኡሳምባራ ተራሮች የአማኒ ደን ቢያስብ ይሻለዋል። ይህን ያወቅሁት ከወኪሉ ሳይሆን ጆዛኒ ውስጥ ካስጎበኘን ወጣት ነው።

ዋጋው ለምን ረከሰ የሚለውን ጥያቄ ከመክፈላችን በፊት መጠየቅ ነበረብን። ደሴቲቱ ሁለት የዝናብ ወራት አሏት፤ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት የሚዘልቀው «ማሲካ» የተባለው ከባዱ ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ የሚጥለው «ቩሊ» ቀለል ያለ ነው። ሚያዝያ የማሲካው ዋና ወር በመሆኑ አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሹን ይዘጋሉ፤ ያልተዘጉትም ዋጋቸውን ይጥላሉ። «የፋሲካ ልዩ ቅናሽ» የተባለው እንግዲህ ማንም የማይፈልገው ወቅት ዋጋ ነው። ደረቁና የጠራው ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ያለው ነው። እኛ ደሴ ላይ የሐምሌን ጭጋግ ከጦሳ ሲወርድ የምናይበት ጊዜ ማለት ነው፤ ከወሎ ለሚነሣ ሰው ከዚህ የተመቸ ክረምት ማምለጫ የለም። ከሰባቱ ቀኖች አራቱን ዝናብ መታን። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ባሕሩ ይደፈርሳል፤ በደፈረሰ ውሃ ኮራል ማየት በጭስ በታፈነ ቤት መርፌ እንደ መፈለግ ነው።

አሁን ወደ ደጃፉ ልመለስ። ሆቴላችን በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነበር። በአንዱ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የመዋኛ መነጽራችንን ይዘን በሩን ስንከፍት ባሕሩ የለም። እስከ አድማስ የተዘረጋ እርጥብ አሸዋ፣ በመሃሉ ኩሬዎች፣ በጣም ርቆ ደግሞ ሞገዱ የሚሰበርበት ነጭ መስመር ብቻ ይታያል። የሕንድ ውቅያኖስ በዚያ አካባቢ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እስከ አራት ሜትር የሚደርስበት ጊዜ ስላለ፣ ዳርቻው ለጥ ያለ በሆነበት በምሥራቁ በኩል ውሃው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸሻል። ኮራሉ ያለው ያ ነጭ መስመር ጋ ነው። ተስፋ ሳንቆርጥ በእግራችን ጀመርን። በአሸዋው ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር አረም ያለማሉ፤ ችካል ተክለው ገመድ ወጥረው፣ በገመዱ ላይ አረሙን እያሰሩ፣ ልክ ሐይቅ ዳር እንደምናየው የሽንኩርት መደብ በመስመር በመስመር አድርገውታል። ባለቤቴ አንዱን ኩሬ ስትሻገር ጮኸች። እሾሁ እንደ ጃርት የቆመ ጥቁር የባሕር ፍጥረት ረግጣ ኖሮ ከተረከዟ ሥር ሰባት ጥቋቁር ነጥቦች ገብተዋል። ከሴቶቹ አንዷ ወደ መንደሯ ወስዳን ያልበሰለ ፓፓያ በቢላ ጫር ጫር አደረገችና የሚንጠባጠበውን ነጭ ወተት በባለቤቴ እግር ላይ አፈሰሰችው፤ እስከ ማታ ሕመሙ ረገበ። ወፍራም የላስቲክ ጫማ እንድንይዝ የነገረን ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ፣ ሙላትና ጉድለቱ ከጨረቃ ጋር የሚሄድ በመሆኑ አስቀድሞ በቀላሉ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ባሕሩ ከሁሉ ይበልጥ ይሞላል፣ ከሁሉ ይበልጥም ይጎድላል፤ በሩብና በሦስት ሩብ ጨረቃ ጊዜ ልዩነቱ ይጠብባል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቤት በሚያድርበት በወሎ ጨረቃ መቁጠር ብርቅ አይደለም፤ የእስልምናው የሸዋል ወር ማለቂያ፣ ማለትም አዲስ ጨረቃ የምትወለድበት ጊዜ መሆኑን ባለቤቴ ከእናቷ ወገን ታውቀው ነበር። እኛ ከሚያዝያ 15 እስከ 21 እዚያ ስንሆን ጨረቃዋ የተወለደችው ሚያዝያ 19 ነው። ከወሩ የከፋውን ሳምንት መርጦ የሸጠልን ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ግድ የለውም።

የጀልባ ጉዞ አንድ ቀን ብቻ ተሳካ። ወረቀቱ «ምሳ በምኔምባ ደሴት ላይ» ይላል፤ ምኔምባ ግን ለአንድ የግል ሎጅ የተከራየች ደሴት በመሆኗ የቀን ጎብኚ በዙሪያዋ ባለው ውሃ ይዋኛል እንጂ አሸዋዋን አይረግጥም። ምሳችንን ጀልባው ላይ ተቀምጠን በላን። ለአካባቢው ጥበቃ የሚከፈለውን ክፍያም «ሁሉን ያካተተ» በተባለው ጉዞ ላይ ከኪሳችን ጨመርን። ከውሃው ሥር ያየሁት ኮራል ቦታ ቦታው ነጣ ብሏል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም በውስጡ ከሚኖሩት፣ አልጌ ከተባሉት ጥቃቅን ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ምግብና ቀለም የሚያገኝ እንስሳ ነው፤ ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ሳይንቲስቶች አራተኛውን ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት አስታውቀዋል። ስለዚህ የየትኛውም ወኪል ፎቶ መቼ እንደተነሣ መጠየቅ ነውር የለውም። አብረውን ከነበሩት ሁለት ወጣቶች ኮራሉ ላይ ቆመው ፎቶ ሲነሡ የከለከላቸው አልነበረም፤ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እያደገ እዚያ የደረሰውን ነገር በጫማ ሲሰብሩት ማየት አሳፈረኝ።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ልጨምር። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ የእነርሱ ሦስት ሰዓት የእኛ ሦስት ሰዓት ነው። ወረቀቱ ግን «ጀልባ 9:00» ይላልና እኛ ከሰዓት በኋላ መስሎን ስንተኛ፣ ጀልባው በጠዋት መጥቶ ሊሄድ ሲል በሰው ልመና ደረስንበት።

ከወኪሉ አፍ ያልወጡ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ ሁሉ የደሴቲቱን የራሷን የጉዞ መድን በ44 ዶላር እንዲገዛ መገደዱ ነው፤ ለሁለታችን 88 ዶላር ነበር። ሁለተኛውና የባሰው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የክትባቱን ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ ደግሞ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እኛ ይህን የሰማነው ከመነሣታችን 12 ቀን ሲቀረን፣ ያውም ነርስ ከሆነች ጎረቤታችን በአጋጣሚ ነው። በማግስቱ ሌሊት አዲስ አበባ ወርደን ተከተብን። ሁለት ቀን ብንዘገይ ኖሮ 240,000 ብሩ ቦሌ ላይ ያልቅ ነበር።

ከሁሉም በላይ አንባቢ እንዲያስተውለው የምፈልገው ውሉን ነው። ከእኛ ጋር ሊሄዱ የነበሩ ሁለት ባልና ሚስት ለየቤታቸው 30,000 ብር አስይዘው ነበር፤ ወኪሉ ግን «የአውሮፕላን ቦታ ጠፋ» ብሎ ራሱ ሰረዛቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል ይላል። ወኪሉ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበርና በወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለም፤ «የማይመለስ የምዝገባ ክፍያ» ነው የሚለው። ስትከፍሉ «ቀብድ» ተብሎ እንዲጻፍ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ እምቢታው ራሱ መልስ ነው። እኛም ብንሆን ገንዘቡን ያስገባነው በድርጅቱ ሳይሆን በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው፤ የተሰጠንም በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት እንጂ ሕጋዊ ደረሰኝ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል፤ ነገር ግን ደረሰኝ ሳይኖረን ክፍያውን ማስረዳቱ ወራት ፈጅቶብናል። ሙሉ ክፍያውን ከፈጸምን በኋላ ደግሞ «ዶላር ጨምሯል» ተብለን 18,000 ብር ተጠይቀን ከፍለናል። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ዋጋው በዶላር ምንዛሪ እንዲስተካከል የሚፈቅድ አንቀጽ በብዙ የጉዞ ውል ውስጥ ይገባል፤ በእኛ ውል ላይ ዋጋው ወደ ላይ ብቻ እንጂ ወደ ታች እንደሚስተካከል የሚል ቃል አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት የአዲሱን ማስታወቂያ ወረቀት አንድ ወዳጄ አምጥቶ አሳየኝ። መነሻው ሚያዝያ 6፣ መመለሻው ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ነው፤ ጨረቃዋ የምትወለደው ሚያዝያ 9 ነው። ሆቴሉ ያው የምሥራቁ ዳርቻ ሆቴል ነው፣ የአውስትራሊያው ልብም ከላይ እንደታተመ አለ። የተቀየረው ዋጋው ብቻ ነው፤ 275,000 ብር ሆኗል።